ዓለምነው ምን አለ?

የካቲት 11

የምጽፈው ከሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የእማዬ ቀኝ ዓይን ዛሬ ጠዋት ተሠራ። ግራው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም፤ ያለን ይኼው አንድ ነው። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ፤ ስፌቱ እስኪወጣ ስድስት ሳምንት ማጎንበስ የለም፣ ማሸት የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ ከሁሉ በላይ ማልቀስ የለም። እማዬ ከአልጋው ሆና «ደግሞ ምን አገኘኝና አለቅሳለሁ» አለች። ሐኪሟም ሳቀች።

ልብሷን፣ ሻሿንና ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኳን ከጠዋት ጀምሮ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ፋሻው ነገ ጠዋት ይፈታል። ነገ የሰማዕታት ቀን ስለሆነ ትምህርት የለም፤ እፎይ ብዬ አብሬያት እውላለሁ።

ከሰዓት በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ፋሻው ሲፈታ ዓለምነው ቢኖር ሸጋ ነበር። መጀመሪያ የማየው እሱን በሆነ። ከተመቸው ነው እንግዲህ፤ መንገደኛ ነው።»

ወንድሜ ከዛሪማ ሽንኩርት ጭኖ እየወጣ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ስደውልለት ደባርቅ ቤቱ ደርሷል። ሁለት ቀን አልተኛሁም፣ ዛሬ ከምንዳዬና ከልጄ ጋር ልደርና በጠዋት ልነሳ አለ። እማዬ የግድ ዛሬ ና ብላሃለች አልኩት። ዓለምነው ካልጎተቱት አይንቀሳቀስም። ሳቀና «እሺ፣ እማዬ ካለች ምን ይደረጋል» አለኝ።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ይኼኔ ኮሶዬን አልፏል።

የካቲት 12

ፋሻው ተፈታ። እማዬ ጣቶቼን ቆጠረች። የመስኮቱን ፍሬም አየች፣ ጫማዬን አየች። ከዚያ «ዓለምነውስ?» አለች።

የካቲት 12፣ ከሰዓት

አያ የሻው ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የእማዬ ወንድም ነው፤ አዘዞ ነው የሚኖረው። ነጠላውን አይቼ አወቅሁ። ወደ ዳር ወስዶ ያዘኝ። መኪናው ከኮሶዬ ወዲህ ገደል ገብቷል። እንቅልፍ ነው ይላሉ፤ የፍሬን ምልክት የለም።

አያ የሻው አፌን በእጁ ያዘ። «ዋ፣ እንዳትጮሂ። እኅቴ የቀራት አንድ ዓይን ነው። ስፌቱ እስኪወጣ አትሰማም። ሲወጣ እኛው መጥተን እንደ ወጉ እናረዳታለን» አለ። እሺ አልኩ። ፊቴን በቧንቧ ውሃ ታጥቤ ገባሁና ፋሻዋ ሲፈታ እጇን ያዝኩላት።

ዓለምነው ጭነት አግኝቶ ከደባርቅ ተመለሰ አልኳት። የመጀመሪያው ይኼ ነው።

የካቲት 13

ቀበርነው፤ ደባርቅ። ለእማዬ የመምህራን ስልጠና አለብኝ ብያት፣ ለአከራያችን ለአየለች አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

አልጮኽኩም። ድምፄ እንዳይዘጋ፣ ፊቴ እንዳያብጥ። ሴቶቹ ያዩኛል። አንዷ «እኅቱ ናት? ተምራ ደርቃለች» ስትል ሰማሁ።

ሚስቱ ምንዳዬ ፀጉሯን ተላጭታ ተቀምጣለች። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትላለች፤ «ሊያድር ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ውሃ አሙቄለት ነበር። ምነው መልሶ አጠለቀው?» ስታየኝ ይህንኑ ጠየቀችኝ። እናቱ ታማ ነዋ አልኳት።

የዓለምነው ስልክ ልጁ አቢ እጅ ላይ ነው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ይጫወትበታል። ምንዳዬን ለእማዬ ስትዪ አጥፊው አልኳት። ሰዉ እየደወለለት ነው፣ ትንሽ ይቆይ፣ አጠፋዋለሁ አለች።

የካቲት 14

ቤት ገባን። ጥቁር ቀሚሴ አየለች ቤት፣ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ግቢው አንድ ነው። ጠዋት ከእኛ ቤት በአበባ ቀሚስ እወጣለሁ፣ እሷ ጋ ገብቼ ጥቁሩን ለብሼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስም እንዲሁ። እማዬ አሁን ቀለም ትለያለች። ያንን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅነው።

«ደወለ?» አለችኝ። ዛሪማ ወርዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ከመንገድ ደውሎ ግን አግኝቶኛል አልኳት። «ምን አለ?» እግዜር ይማርሽ፣ ጠብታሽን እንዳትረሺ አለ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

የካቲት 16

ከገበያ ስመለስ እማዬ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት ቁጥርን ስትጫን ዓለምነው ጋ እንዲደወል አድርጎ የሰጣት እሱ ነው። ደነገጥኩ። ደወልሽ ወይ አልኳት።

«ተጫንሁ። አይሠራም» አለች።

ወዲያው ለምንዳዬ ደወልኩ። ዛሬ ከሰዓት አጠፋሁት አለች። እግዜር ነው ያተረፈን።

እማዬ ምሳ አልበላችም። ዓይኔን ከበደኝ አለች። ጠብታዋን ሳደርግላት «ሐኪሟ ስለ ልቅሶ ምን ነበር ያለችው?» አለችኝ። ስድስት ሳምንት አልኳት። ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየች። «ይቻላል» አለች።

ምን እንደሚቻል አልጠየቅኋትም። ነገ ጾም ይገባል፤ የጾሙን ማለቷ ይሆናል።

የካቲት 19

አሁን የምጽፈው በመምህራን ክፍል፣ በባዶ ክፍለ ጊዜዬ ነው። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ፊቷ መጻፍ አልቻልኩም።

ከዛሬ ጀምሮ የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ሪፖርትድ ስፒች ነው። ሰው ያለውን ለሌላ ሰው ማድረስ። በመጽሐፉ ወረፋው ደረሰ እንጂ እኔ አልመረጥኩትም። ልጆቹ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ስህተት ነው የሚሠሩት። በእኛ ቋንቋ «እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ የሰውየው «እኔ» እንዳለ በአፋችን ይገባል። በእንግሊዝኛው «እኔ» «እሱ» ይሆናል፣ «ነገ» «በማግሥቱ»፣ «እዚህ» «እዚያ» ይሆናል። ቃሉን ከአፉ ወስደህ ታርቀዋለህ ብዬ አስረዳኋቸው። ስድሳ ሦስት ልጆች ጻፉ።

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሰው የሚለውን አንድ ነገር ለውጣችሁ አምጡ።

የካቲት 20

አንዱ ልጅ አባቱ «እኔ በሬ መሰልኩህ?» ያለውን «አባቴ እኔ በሬ እመስል እንደሆነ ጠየቀኝ» ብሎ አመጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ዘጠኝ ቀኑ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ኋላ ወንበር የምትቀመጥ ሄለን የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያለው ነገር ዛሬም እውነት ከሆነስ? 'እናቴን እወዳታለሁ' ቢል፣ ዛሬም ይወዳት የለ?» አለች። እውነት ከሆነ ግሱን ባትለውጪውም ይሆናል፣ እንዳለ ይቀመጣል አልኳት። ጠመኔ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ጠመኔ በእጄ ነበር።

የካቲት 24

ቸኩያለሁ። ዛሬ ያልኳት፦ መንገዱ ሞቃት ነው አለ። አንድ ጎማ ቀየርኩ አለ። አቢ ፊደል ጀመረ አለ።

የካቲት 28

ውሸት እንዲህ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። ያልኩትን ካልመዘገብኩ እረሳለሁ። ሰኞ ሁመራ ነኝ ያለ ሰው ማክሰኞ ደባርቅ ሊሆን አይችልም። እማዬ ደግሞ ከእኔ በተሻለ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ከአገሯ ከመካነ ብርሃን በእግሯ ስንቴ ወርዳለች።

አንድ ነገር ግን ተመቸኝ። ድምፁን ልስማ፣ አገናኚኝ ብላ አታውቅም። «ምን አለ?» ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ሆና ትጠብቀኛለች፤ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «ዛሬስ ምን አለ?»

መጋቢት 3

ዛሬ እንዲህ ሆነ። ደክሞኝ ነበርና «እናቴ ጤናዋን እንድትጠብቅ አለ» አልኳት። «ዓለምነው እንዲያ አይልም» አለች። 

«ታዲያ እንዴት ይላል?»

«'እመት እታገኘሁ ዛሬም እየተቆነነች ነው?' ነው የሚል። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ ሊያስቀኝ ሲፈልግ» አለች።

«እንደዛ ነው ያለው፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት» አልኳት።

«አታሳጥሪብኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ እያሰብኩ እናገራለሁ። እንደሱ የቃሉን መጨረሻ ጎተት አድርጌ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች። ስጨርስ እንደጎረሰ ሰው ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ትነሳለች።

መጋቢት 8

ኪዳነወልድ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው የአማርኛ መምህር፣ «አንቺ ልጅ አልቅሺ፣ ቤትሽ ባይሆን እዚህ አልቅሺ» አለኝ። በሩን ዘጋልኝና ውጭ ቆመልኝ። ተቀመጥኩ። አልመጣም። ደወሉ ተደወለ።

ዓለምነው ልደር ብሎ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማን እንደጠራውም የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉም ሰው «ለእናቱ ሲል» ብሎ ያልፋል። ለእናቱ ሲል ነው። ሌላ ምን አለ።

መጋቢት 11

ልብሴን መቀየር ረሳሁ። አየለች ቤት እንግዳ ነበረና ቀጥታ ገባሁ፣ በጥቁሩ። እማዬ ከበር አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። 

«ለጾሙ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ለጾሙ ነው።»

«ሸጋ አድርገሻል። እንግዲያ አታውልቂው፤ እስከ ፋሲካ ልበሺው» አለች።

ከአየለች በር ጀርባ መጋፋት ቀረልኝ። እማዬ ይህን ያህል የዋህ መሆኗን አላውቅም ነበር።

መጋቢት 14

የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። ባላነበብኩ። እዚያ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ከተመቸው ነው እንግዲህ፤ መንገደኛ ነው» ይላል። እማዬ እንዲህ ነው ያለችው። እኔ ለዓለምነው ምን ብዬ እንዳደረስኩም ከሥሩ ተጽፏል። ያን ዕለት ስጽፈው ምንም አልመሰለኝም።

ልጆቹ አንድ ቃል ከጣሉ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ።

መጋቢት 15

የሄለንን ደብተር ሳርም አንድ መስመር አገኘሁ። አባቷ የሄደው አምና ነው። የት እንደሄደ አልጻፈችም። «አባቴ ቶሎ እንደሚመለስ ነግሮኝ ነበር» ይላል። ግሱ ትክክል ነው፣ ሁሉም ትክክል ነው። «ትክክል» ብዬ ምልክት አድርጌ ደብተሩን አጠፍኩት።

መጋቢት 20

ቅዳሜ። እማዬ በጠዋት ተነስታ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀችኝ። ትናንት አየለችን ዳቦ አስጋግራታለች፤ እኔ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ አለች። ነገ ማርያም ናት፣ ምነው ነገ ብንሄድ አልኳት። «የለም፣ ዛሬ ነው» አለች።

ወሰድኳት። ከደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦውን በእጇ ቆርሳ ሰጠች። ለእያንዳንዱ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትላለች። ስም መሰለኝ። እኔ ስጠጋ ታቆማለች። ማጎንበስ ተከልክላለችና ቁጭ ብድግ እያለች፣ ወገቧን ሳታጥፍ ነው የሰጠችው። ስንመለስ በሁለት እጇ ክንዴን ይዛ ነበር።

ቤት ስንደርስ ዛሬ አርባው መሆኑ ትዝ አለኝ። ደባርቅ ተዝካሩን እያወጡ ነው። የዓለምነው አርባ ሲወጣ እናቱ ሳታውቅ ዳቦ ስትቆርስ መዋሏ አንጀቴን በላው። ለመጀመሪያ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቅቄ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠበቅኋት። «ምን አለ?» አላለችም፤ ዛሬ ብቻ ነው ያላለችው።

መጋቢት 24

ስፌቱ ወጣ። ሐኪሟ በጣም ተደሰተች። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ትናንሾቹን ምልክቶች ሁሉ ወዴት እንደዞሩ በጣቷ አሳየች። «እናት፣ እንደርስዎ ያለ ታካሚ የለኝም፤ ያልኩትን አንድ ሳያጎድሉ ጠበቁ» አለቻት። ጠብታው ትንሽ ቀን ይቀጥላል።

እማዬ «እንግዲህ ማልቀስ ይቻላል?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ሳቀች። «ደስታ ከሆነ ይቻላል» አለች።

አያ የሻው ዓርብ ጠዋት እናረዳታለን አለኝ። የቀረኝ ነገ አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ምን ብዬ ልንገራት?

መጋቢት 25

በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዛሬስ?» አለች።

ሁሉንም አልኳት። እመት እታገኘሁ አለ። ሽንኩርቱ በዛ አለ። አቢ ስሙን ጻፈ አለ። እወዳታለሁ አለ። የመጨረሻውን ዓለምነው በሕይወቱ ብሎት አያውቅም፤ የእኛ አገር ወንድ እንዲያ አይልም። አላረመችኝም።

መጋቢት 26

ሊነጋጋ ሲል አያ የሻው፣ የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ሚካኤልና ስድስት ዘመዶች ከአየለች በረንዳ ተሰበሰቡ። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ቀርቦ ይነግረዋል፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ ልቅሶውን ይጠብቃል። በሩን የምከፍት እኔ ነበርኩ። 

እማዬ ተኝታ አልነበረም። አልጋዋን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች። ያሉንን ሦስት በርጩማዎች በመስመር አስቀምጣለች፤ የእኔን የፈተና ወረቀት መያዣ ሣጥን ሳይቀር ጨርቅ ሸፍና ወንበር አድርጋዋለች።

አያ የሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ፣ እንግዲህ የእግዜር ሥራ...» ብሎ ጀመረ።

«ግቡ አያ፣ ቆማችሁ አትንገሩኝ» አለች። «ልጄ አርባው ካለፈ ዛሬ ስድስት ቀኑ ነው።»

 ቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ቀሩ። ያን ጊዜ እማዬ ጮኸች። በስሙ ጠራችው፣ በልጅነት ስሙ ጠራችው፣ መኪናውን ሳይቀር ጠራችው። የውጭዎቹ ተቀበሏት። እኔ ለመያዝ ተጠግቼ እኔው ተያዝኩ።

መጋቢት 26፣ ከሰዓት

ለቀስተኛው ዳሱ ውስጥ ነው። እማዬ ወደ ጓዳ ጠርታኝ በሩን አዘጋችኝ። ድምፅዋ ሄዷል።

«አቢ ነው የነገረኝ» አለች። «ሁለትን ስጫን እሱ አነሳው። አባትህስ ብለው፣ 'አባባን አፈር ውስጥ አስገቡት፣ አንቺ ምነው አልመጣሽ?' አለኝ።»

የካቲት 16 ማለት ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ያገኘኋት ቀን። አርባ ቀን።

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ፣ እማዬ?»

«ሐኪሟ አታልቅሺ አለች። አንቺ ደግሞ ለዚህች ዓይን ብለሽ ሐዘንሽን ውጠሽ ትዞሪያለሽ። እኔ አልቅሼ ላጥፋት?» አለች። «ኋላማ እሱም ለመደኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቃሉን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ቀኑን ሙሉ እጠብቀው ነበር።»

ያኔ አልቻልኩም። ተንበርክኬ ነገርኳት። «ከተመቸው» ብለሽኝ ነበር አልኳት። ይህን አላደረስኩለትም። የግድ ና ብላሃለች አልኩት። ደክሞኛል፣ ሁለት ቀን አልተኛሁም፣ ልደር ብሎኝ ነበር። ጫማውን አውልቆ ነበር። ካልጎተቱት አይመጣም ብዬ ነው። የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም።

 ዳሱ ውስጥ አንዷ ሙሾ ስታወጣ እስከ መጨረሻው ሰማን። ግንባሬን የምታሸኝ ይመስል እጇን አናቴ ላይ አድርጋለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ለኔም እኮ ደውሎልኝ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ያን ለት። ካንቺ በኋላ፣ ወደ ማታው። 'እመት እታገኘሁ፣ ደክሞኛል፣ ልደር ወይ?' አለኝ። 'የለም፣ የግድ ና፣ ዓይኔ መጀመሪያ አንተን ይይ' አልሁት። እኔ ነኝ የጠራሁት። ያንቺን ሰምቶማ ሊተኛ ነበር።»

በእሱ አነጋገር ነው ያለችው፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጋ። ከእኔ ይልቅ እሷ ታሳምረዋለች።

ስልኳ ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማግሥቱ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ማንም አልደወለላትም።

«እንዲያ ነው ያለው?» አልኳት።

«እንዲያ ነው ያለው» አለች።

እሺ አልኩ። የጠብታዋ ሰዓት አልፎ ነበርና ቀና በይ አልኳት። አንድ ጠብታ አደረግሁላት፤ ዕንባዋ ይዞት ወረደ። እንደገና አደረግሁላት።